በመርሐ ግብሩ ላይ ያልተጻፈችው ሳምንት

ልጄ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የመከር ወራት፣ የምትጫወትበት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የኮንፈረንሱን መደበኛ ግጥሚያዎች በአራተኛ ደረጃ አጠናቀቀ። እኔ የዓመቱ ኳስ በዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም ነሐሴ ላይ አትማ የሰጠችኝና በማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት መርሐ ግብር የሚያበቃው ቅዳሜ ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። የታላቅ እህቴ ልጅ ሰርግ ደግሞ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 26፣ በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር፤ ልጄ ከሚዜዎቹ አንዷ ስለነበረች ቀሚሷ ተሰፍቶ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ቡድኑ አራተኛ መውጣቱን ሲነግረኝ «እሰይ፣ በቃ አሁን ታርፋለች» ነበር ያልኩት። ሦስት ግጥሚያ፣ አንድ የኬሚስትሪ ፈተናና አንድ ሰርግ በአንዲት ሳምንት ውስጥ ተደራርበው እንደሚጠብቁን አላወቅሁም፤ ባለማወቄም ልጄን በማይገባ ሰዓት አስለቀስኳት። እንዲህ ያለ ሳምንት ከፊታቸው ያለ ወላጆች፣ በተለይም እንደ እኔ ኳስን ከልጆቻቸው የተማሩ እናቶች፣ አስቀድመው እንዲዘጋጁ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። ሰዓቱን የምጠቅሰው እኛ በለመድነው አቆጣጠር ነው።

ኮንፈረንስ ማለት የሚቀራረቡ ኮሌጆች በአንድነት ያቋቋሙት ሊግ ነው። በመደበኛው ወቅት ሁሉም እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ ለአሸናፊ 3፣ ለአቻ 1 ነጥብ ይያዛል። ከዚያ በኋላ በሰንጠረዡ አናት ላይ ያሉት ቡድኖች ብቻ በጥሎ ማለፍ የሚገናኙበት አጭር ውድድር ይካሄዳል። በየኮንፈረንሱ የሚሳተፉት ቡድኖች ቁጥር ይለያያል፤ አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት የሚያሳትፉ አሉ። ይህ ውድድር ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በሚያዘጋጀው አገር አቀፍ ሻምፒዮና ላይ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ አንድ ቡድን በቀጥታ የማሳለፍ መብት ሲኖረው፣ ብዙዎቹ ይህን መብት የሚሰጡት ለጥሎ ማለፉ አሸናፊ ነው። የቀሩትን ቦታዎች በ2022 በወቅቱ ውጤትና በተጋጣሚዎች ጥንካሬ አመዛዝኖ የሚሞላው አስመራጭ ኮሚቴ ነበር። ስለዚህ ወቅቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የቆየ ቡድን በአንድ መጥፎ ምሽት ቤቱ ሊቀር ይችላል፤ አራተኛ የወጣ ቡድን ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ካሸነፈ ከአገሪቱ 64 ቡድኖች አንዱ ይሆናል። የልጄ ቡድን የነበረበት ሁኔታ ይኸው ሁለተኛው ነው፤ እርሷ በዚያ ሳምንት ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ያልቻለችው ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ሁሉም ኮንፈረንስ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ የሆነችው የእኛው ናኦሚ ግርማ በስታንፎርድ ስትጫወት ኮሌጇ በነበረበት ፓክ-12 ኮንፈረንስ ውስጥ በሴቶች እግር ኳስ የጥሎ ማለፍ ውድድር አልነበረም፤ መደበኛውን ወቅት በአንደኝነት የፈጸመው ቡድን ሻምፒዮን ይባል ነበር፤ በቃ። ስታንፎርድ በ2019 አገር አቀፉን ዋንጫ ያነሳው፣ ያውም ናኦሚ ባደገችባት በሳን ሆዜ ከተማ ኖርዝ ካሮላይናን በመለያ ምት አሸንፎ፣ በዚህ ዓይነት መንገድ መጥቶ ነው። አይቪ ሊግም የራሱን የጥሎ ማለፍ ውድድር የጀመረው በ2023 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ልጃችሁ ኮሌጅ በገባችበት በመጀመሪያው ነሐሴ፣ ኮንፈረንሷ እንዲህ ያለ ውድድር እንዳለው፣ ስንት ቡድን እንደሚሳተፍ፣ ግጥሚያዎቹ በየትኞቹ ቀናት እንደሚውሉና በማን ሜዳ እንደሚደረጉ እርሷን ራሷን እንድትጠይቁ ነው። ቡድኑ ማለፉ ገና ስላልታወቀ ቀናቱ በኮሌጁ መርሐ ግብር ላይ ላይጻፉ ይችላሉ፤ ኮንፈረንሱ ግን አስቀድሞ ይወስናቸዋል። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ከታች የምነግራችሁ ሁሉ ደረሰብኝ።

የእኛው ኮንፈረንስ ስድስት ቡድኖችን ያሳትፋል። አንደኛውና ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ በቀጥታ ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ፤ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር ረቡዕ ማታ በተሻለ ደረጃ በጨረሰው ቡድን ሜዳ ይገጥማሉ። ግማሽ ፍጻሜው ዓርብ፣ ፍጻሜው እሑድ፣ ሁለቱም በአንደኛው ቡድን ሜዳ ይደረጋሉ። አንደኛው ቡድን ዓርብ ቢሸነፍ እንኳ ሜዳው የፍጻሜው ሜዳ እንደሆነ ይቀራል፤ ያ ሜዳ ደግሞ በፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ከቤታችን የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። ለመደበኛ ግጥሚያዎች መግቢያ ከፍለን አናውቅም ነበር፤ ለዚህ ውድድር ግን ትኬት በስልክ አስቀድሞ መግዛት ነበረብን። ባለቤቴ ከበሮ ይዞ ሄዶ በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ የድምፅ መሣሪያ እንደማይፈቀድ በትሕትና ነግሮት ወደ መኪናው መለሰው። እልልታን የሚከለክል ደንብ ስለሌለ እኔና ጓደኞቼ በዚያው ቀጠልን።

ከለመድነው የቴሌቪዥን ኳስ የሚለዩ ደንቦችን አለማወቅም ብዙ ከንቱ ንዴት ያመጣል። በዚያ ወቅት ባየናቸው ግጥሚያዎች በሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ከ45 ጀምሮ ወደ ዜሮ ይወርድ ነበር፤ ዳኛው ሲያስቆመው ስለሚቆም በመጨረሻ የሚታከል የባከነ ደቂቃ አልነበረም። በመጀመሪያው አጋማሽ ተቀይራ የወጣች ልጅ እስከ ዕረፍት አትመለስም፤ በሁለተኛው አጋማሽ የወጣች ግን አንድ ጊዜ ተመልሳ መግባት ትችላለች። በዚህ ምክንያት አሠልጣኞች ብዙ ይቀያይራሉ። ልጄ በ30ኛው ደቂቃ ስትወጣ «ምን አጥፍታ ነው?» እያልኩ የተብሰከሰክሁባቸው ምሽቶች ብዙ ነበሩ፤ አሠልጣኟ ግን እግሯን ለሁለተኛው አጋማሽ እያስቀመጡላት ነበር። በተለይ በአምስት ቀን ሦስት ጊዜ በሚጫወቱበት ሳምንት ቅያሪ ቅጣት አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በመደበኛው ወቅት የተጨማሪ ሰዓት ጨዋታ ቀርቶ በ90 ደቂቃ እኩል የሆኑ ቡድኖች በአቻ ይለያያሉ፤ በጥሎ ማለፉ ግን እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሆኑ ሁለት ክፍሎች ይጨመራሉ። ቀድሞ ግብ ያገባ ወዲያው የሚያሸንፍበት አሠራርም በዚያው ዓመት ስለቀረ ሃያው ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ይጫወታል፤ ካልተለያዩ የመለያ ምት ይከተላል። በመለያ ምት የተጠናቀቀ ግጥሚያ በመዝገብ የሚጻፈው አቻ ተብሎ ሲሆን፣ ያሸነፈው ቡድን ወደሚቀጥለው ዙር አለፈ ይባላል።

ረቡዕና ዓርብ ለእኛ የጾም ቀናት ናቸው። ይህ ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት ስላይደለ በጉዳዩ ላይ ቆም ብዬ ልጻፍ። ልጄ ጾሟን የምትጾመው እኔ ስላዘዝኳት ሳይሆን ራሷ ስለምትፈልግ ነው፤ ሆኖም 90 ደቂቃ የምትሮጥ ልጅ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ ውላ ወደ ሜዳ መግባት አትችልም። ወቅቱ ሳይጀመር ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግራ፣ በግጥሚያ ቀናት ሰዓቱን ትታ ከፍስክ ምግብ ብቻ እንድትጾም ተስማሙ። ይህን በውድድሩ ሳምንት ከመጨነቅ በፊት መነጋገሩ ጠቅሟታል። ቡድኑ በጉዞ ላይ በጋራ ስለሚመገብ፣ ሰኞ ዕለት ለምግብ አዘጋጁ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማትበላ ነገረችው፤ እዚህ አገር «ቪጋን» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል፣ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ከግጥሚያው ሦስት ወይም አራት ሰዓት በፊት ሩዝ ከምስር ጋር ወይም መኮሮኒ በቲማቲም ስጎ፣ ሜዳ ከመግባቷ አንድ ሰዓት በፊት ደግሞ ሙዝና ዳቦ ትበላለች። ሽሮ የምትወደው ምግቧ ቢሆንም በርበሬው ሆዷን ስለሚያስቸግራት ለማታ ይቆይላታል። በሙያዬ ነርስ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባ የሚያዩ፣ ብዙ የሚሮጡና ሥጋ አዘውትረው የማይበሉ ልጆች የብረት ማዕድን እጥረት በቀላሉ ያገኛቸዋል፤ ድካሙ ደግሞ የሚታየው እንዲህ ባለው የወቅቱ ማብቂያ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ የደም ምርመራ አስደርጉላቸው። ምስር ሲበሉ ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ቢኖር ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስደዋል፤ ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ግን ይቀንሰዋልና ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ።

ረቡዕ ማታ በራሳቸው ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሐሙስ ጠዋት ልጄ የኬሚስትሪ ፈተናዋን ተፈተነች። ፈተናው የዓርብ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ፣ ቡድኑ ማለፉ ገና ሳይታወቅ፣ «ካለፍን ዓርብ አልኖርም» ብላ መምህሯን አነጋግራ በአንድ ቀን እንዲቀድምላት አድርጋ ነበር። ከእናቷ ይልቅ እርሷ አርቃ ማየቷን ስጽፈው ኩራት ይሰማኛል። መምህራን ብዙውን ጊዜ ይተባበራሉ፤ የሚያስቸግራቸው በዋዜማው መጠየቅ ነው።

ሐሙስ ማታ ደወለችልኝ። አሠልጣኟ ዓርብ ካሸነፉ ቅዳሜን ቡድኑ በአንድ ላይ እንደሚያርፍና ማንም ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ነግረዋቸዋል። «እማዬ፣ ካሸነፍን ሰርጉ ላይ መገኘት አልችልም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከታላቅ እህቴ ጋር ስለ መኪናና ስለ አበባ ስነጋገር ውዬ ነበር። ሰርግ በሕይወት አንድ ጊዜ እንደሚመጣ፣ ኳስ ግን ሁልጊዜ እንዳለ፣ አክስቷ ምን እንደምትል፣ ከሚዜዎቹ አንዷ ስትጎድል ሰው ምን እንደሚያወራ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። እርሷ አልተከራከረችኝም፤ አለቀሰች። እኔም ስልኩን ዘግቼ ወደ ሌሊት ሥራዬ ሄድኩ። ኋላ ከክፍል ጓደኛዋ እንደሰማሁት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አልተኛችም። ለአንድ ተጫዋች ከግማሽ ፍጻሜ በፊት ባለው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ያን የነጠቅኳት እኔ ነኝ። ቀናቱን በነሐሴ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እህቴ ወይ ሌላ ሚዜ ታዘጋጅ፣ ወይ ልጄ እንደማትገኝ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ጥቅምት፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ያለ፣ የሰርግ ወር ነው። የኮሌጅ ኳስ ወሳኝ ሳምንትም ይኸው ስለሆነ ግጭቱ ድንገት የሚመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ ሊደርስ የሚችል ነው።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለእህቴ ነበር። በጉዳዩ ትቆጣለች ብዬ ስፈራ «ልጅቱ ለዋንጫ እየተጫወተች ምን ሰርግ ትይኛለሽ? ቀሚሱን ለታናሽ እህቷ አሳጥሪው» አለችኝ። ወዲያውኑ ለልጄ አጭር መልእክት ጻፍኩ፤ አክስትሽ ፈቅዳለች፣ እኔም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፣ ዛሬ ስለ ሰርጉ አታስቢ የሚል። አንድ የልብ ምልክት ብቻ መለሰችልኝ።

ግማሽ ፍጻሜው የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጄ በግራ መስመር ተከላካይነት ነበር የምትጫወተው። ግብ ሳይቆጠር 90 ደቂቃ አለቀ፤ በጭማሪው ሁለተኛ ክፍል የእግሯ ባት ይዟት ወደቀችና የቡድኑ ወጌሻ ገብቶ እግሯን ሲስብላት እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቆሜ ነበር። ድካም ላይ ያለ እግር ለጉልበት ጅማት ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን፣ ይህም ጉዳት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ተጫዋቾች ላይ እንደሚበዛ በሙያዬ ስለማውቅ ያን ሌሊት ያጣችው እንቅልፍ በዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ተነስታ ጨረሰች። ከመቺዎቹ መካከል አልነበረችም፤ በሜዳው መሐል መስመር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፋ ቆማ ተመለከተች። ግብ ጠባቂያቸው ሁለት ኳስ አዳነችና 4 ለ 3 አለፉ። በመዝገቡ ያ ግጥሚያ ዛሬም 0 ለ 0 ነው።

ቅዳሜ ያለ እርሷ ሰርጉ ላይ ዋልን። ሙሽራዋ ራሷ በእራት ሰዓት ማይክ ይዛ የአክስቷ ልጅ የት እንዳለች ተናገረችና አዳራሹ በእልልታ ተሞላ፤ አንዱ ዘመድ ቀርጾ ላከላት። ሌሊቱን የሰዓት ለውጥ ስለነበረ፣ ማለትም እዚህ አገር ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ፣ አንድ ሰዓት ተጨመረልን። እሑድ ጥቅምት 27 ነው፤ መድኃኔዓለም። በሌሊት ቅዳሴ ቆሜ ከዚያው ወደ ፔንስልቬንያ ነዳን።

ይህ የሰዓት ለውጥ አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን በድሏታል። ፍጻሜው የሚጀመረው እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እኔ እንደ ረቡዑ በሰባት ሰዓት ልዩነት አስልቼ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስርጭቱን ክፈቺ» ብያት ነበር። ከለውጡ በኋላ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ስለሚሆን ትክክለኛው 3 ሰዓት ነበር። ጎረቤቶቿን ሰብስባ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ስክሪን ሲጠብቁ ቆዩ። ውድድሩ የሚያልቅበት እሑድና ሰዓቱ የሚለወጥበት፣ ማለትም የፈረንጆች ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ሊገጥሙ ስለሚችሉ አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦች ስትነግሩ ይህን አስቡ።

ፍጻሜውን 1 ለ 0 ተሸነፉ። ተጋጣሚያቸው ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው ቡድን ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዙር ባለመጫወቱ የነበረው ትርፍ ዕረፍት ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ በግልጽ ይታይ ነበር፤ የመደበኛው ወቅት ደረጃ ዋጋው የሚታወቀው እዚያ ነው። ግብ የተቆጠረው ከማዕዘን ምት ሲሆን ያገባችው ልጄ ልትጠብቃት የሚገባት ተጫዋች አልነበረችም፤ ሆኖም እርሷ ራሷን ወቀሰች። ከአሠልጣኟ ፈቃድ ወስደን በእኛ መኪና ስንመለስ ባለቤቴ ስለ ማዕዘን ምቱ ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ እርሷ ራሷ የሰርጉን ቪዲዮ ከፍታ ስለ ቀሚሱ ጠየቀችኝ። ከሽንፈት በኋላ መጀመሪያ የምትናገረው ልጅቷ ትሁን፤ በዚያች መኪና ውስጥ ያደረግሁት ትክክለኛ ነገር ይህ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ ሰኞ የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ተሳታፊዎች ሲገለጹ የቡድናቸው ስም አልነበረም፤ ብዙም አልጠበቁም። በዚያ ዓመት የልጄ ኮሌጅ የሚጫወትበት የሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም ከኤንሲኤኤ ሦስት እርከኖች የመጨረሻው፣ ዋንጫ በቅርባችን ወዳለችው ባልቲሞር፣ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሄደ። ሦስተኛው ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ዘመዶቻችን «ገንዘብ ከሌለው ይህ ሁሉ ለምን?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ ቀድሞ መልስ አልነበረኝም። አሁን ፈተናዋን በሁለት ሳምንት አስቀድማ ያዘዋወረችውን ልጅና ከ110 ደቂቃ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ተቃቅፋ የቆመችውን ልጅ እነግራቸዋለሁ።

በ2023 ነሐሴ የመጨረሻ ዓመቷን ስትጀምር በኩሽናው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጥቅምት 21፣ 23 እና 25ን በእርሳስ ከበብኩ፤ የሆስፒታሉን የሥራ ተራዬን በዚያው ቀየርኩ፤ ለእህቴም ለወንድሞቼም ቀናቱን ላክሁ። ቡድኑ አምስተኛ ሆኖ ጨርሶ ረቡዕ ጥቅምት 21 ማታ ከሜዳው ውጭ 1 ለ 0 ተሸነፈና የልጄ የኮሌጅ ኳስ እዚያ ላይ አበቃ። ብርድ ነበር። ታላቅ እህቴ፣ ያምናዋ ሙሽራና ባሏ፣ ወንድሞቼ፣ ሁላችንም በአንድ ረድፍ ተቀምጠን ነበር፤ እናቴም አዲስ አበባ ላይ በትክክለኛው ሰዓት ከፍታ እስከ መጨረሻው አብራን ቆየች።